«በሕግ አምላክ!» የሚለው ማን ነው?
ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሕግ የሚነገረውና እውነታው

ገበያ መሐል ጉልበተኛ የአንዲትን መበለት አህያ ሊነዳ ተነሣ እንበል። ሴትዮዋ ዱላ የላትም፤ ወንድምም አጠገቧ አልቆመም። ያላት አንድ ቃል ነው፦ «በሕግ አምላክ!» ይህን የሰማ ሰው እጁን መሰብሰብ፣ ባለበት መቆም ነበረበት። አልፎ ከሄደ ከመበለቲቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ቃሉን ከሰማው ገበያተኛ ሁሉ ጋር ይጣላል። በድሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ እኩል እየተራመዱ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ባለጸጋው ከድሃው ጋር በአንድ ቋጠሮ ይታሰራል።

ጉልበተኛ «በሕግ አምላክ» አይልም፤ አያስፈልገውምና። የደካማ ጩኸት ነው። በቅሎው በፍርድ ከምትሄድበት ይልቅ ጭብጦው ያለ ፍርድ ስትሄድ የሚቆጨው ሕዝብ፣ ሕግ ለማን እንደ ተሠራ ጠንቅቆ ያውቃል። የሚገርመኝ ግን እኛው ራሳችን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ሕግ ስንመጣ ንግግራችን መለወጡ ነው። ያኔ ሕጉ ቀንበር፣ የሰጠውም አምላክ ቁጡ ይሆንብናል።

ይህን ስጽፍ ሰሃላ በዐይኔ ላይ አለች። በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ተከዜን የተንተራሰች፣ ዝናብ የሚያጥራት ቆላ ናት። የአስተዳደሩ ከተማ ሰቆጣ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። ኽምጣና የሚነገርበት፣ ቅዳሴና ጾም ከሰዉ ኑሮ ጋር አብሮ የተሸመነበት አገር ነው። በጠገበ አገር ሕግን አጣምሞ ማንበብ የሐሳብ ስሕተት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሰሃላ ላይ ግን የእናት ጉልበትና የሕፃን ቁመት ያስከፍላል። ስለዚህ በየአጥቢያው ከሚባሉት ጥቂቶቹን አንሥቼ፣ መጽሐፉ በእርግጥ ምን እንደሚል አጠገባቸው አኖራለሁ።

የሚባለው፦ ሕግ እግዚአብሔር ሰውን ያሰረበት ገመድ ነው

ኦሪት ዘፀአትን ከፍቶ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል ማየት ብቻ ይበቃል። ሕዝቡ ከግብፅ የወጣው በ12ኛው ምዕራፍ ነው። ባሕሩ የተከፈለው በ14ኛው። መና የወረደው በ16ኛው። ዐሥርቱ ቃላት የተሰጡት ደግሞ በ20ኛው። እግዚአብሔር ሕግ አምጥቶ «ይህን ከፈጸማችሁ ነጻ አወጣችኋለሁ» አላለም። መጀመሪያ ነጻ አወጣ፣ አበላ፣ አጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ተናገረ። ዐሥርቱ ቃላትም የሚጀምሩት በትእዛዝ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ከባርነት ቤት ያወጣቸው እርሱ መሆኑን የሚያስታውሰው ንግግር ነው። ዘዳግም 7 ይህን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል፦ የተመረጡት ከሕዝብ ሁሉ በዝተው አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂቶች ነበሩ፤ የተመረጡት ስለ ወደዳቸው ነው። ፍቅሩ ቀድሞ ሕጉ ተከተለ።

«ኦሪት» የሚለው ቃል ራሱ «ኦራይታ» ከሚለው የአራማይክ ቃል የመጣ ነው፤ ትምህርት፣ መምሪያ ማለት ነው። መንገድ የጠፋውን ሰው እጅ ይዞ እንደ መምራት ያለ ነገር ነው።

ጽላቱም የት እንደ ተቀመጠ እናስብ። በታቦቱ ውስጥ ገባ፤ በላዩ ላይ የስርየት መክደኛ ተደረገበት። ሕጉ ከላይ ምሕረት ተደፍቶበት ነው የሚኖረው። የእኛ ሰው ይህን በቃል ባያስረዳም በአካሉ ያውቀዋል። ጥምቀት ዕለት ታቦቱ ሲወጣ እናቶች እልል ይላሉ፣ ካህናቱ ያሸበሽባሉ፣ ጥላ ይዘረጋል። እንደዚያ እልል እየተባለ የሚሸኝ የእግር ብረት አላየሁም።

የሚባለው፦ ኦሪት የቁጣ መጽሐፍ፣ ወንጌል የፍቅር መጽሐፍ ናት

ይህ አባባል አዲስ አይደለም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርቅያን የተባለ ሰው የብሉይ ኪዳን አምላክና የክርስቶስ አባት የተለያዩ ናቸው ብሎ አስተማረ፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን በ144 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለየችው። ትምህርቱ ግን በሰው አፍ እስከ ዛሬ ይዞራል፤ ብዙ ጊዜም የሚናገረው ሰው የማን ቃል እንደሆነ ሳያውቅ ነው።

ክርስቶስ ከትእዛዛት የትኛው ታላቅ እንደሆነ በተጠየቀ ጊዜ አዲስ ነገር አላመጣም። ሁለቱንም ከኦሪት ጠቀሰ። አምላክን በፍጹም ልብ መውደድ በዘዳግም 6፥5፣ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ በዘሌዋውያን 19፥18 ተጽፈዋል። ይህ ሁለተኛው የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከላዩ ያሉትን ቁጥሮች ያነበበ ሰው ስለ ስሜት የሚናገር ነገር ጥቂት ነው የሚያገኘው። የእርሻህን ዳር አጥርተህ አትጨድ፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር፤ ደንቆሮን አትስደብ፤ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር፤ በፍርድ ለማንም አታዳላ። «ውደድ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መውደድ በኦሪት ቋንቋ እጅና እግር አለው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ዘፀአት 23፥5 ላይ ያለው ነው። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታገኘው ትተኸው እንዳትሄድ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆነህ እንድታነሣው ያዝዛል። የሰሃላን ቁልቁለት በእግሩ የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አይልም። አህያው ተንበርክኳል፣ ጭነቱ ወደ አንገቱ ሾልኳል፣ ባለቤቱ ብቻውን ከወዲያ ቢደግፍ ከወዲህ ያጋድላል። የግድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ በመንገዱ የመጣው ደግሞ ባለጋራው ነው። ሕጉ «ጠላትህን በልብህ ይቅር በል» ብሎ አልጀመረም፤ ጭነቱን ከዚያኛው ወገን ያዝ አለው። ሁለት የተጣሉ ሰዎች አንድ ጭነት ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ካሉ በኋላ ጠባቸው እንደ ቀድሞው ሊቆይ አይችልም።

የሚባለው፦ «ዐይን ስለ ዐይን» በቀልን ይፈቅዳል

ተቃራኒው ነው። በዘፍጥረት 4 ላሜሕ ለአንድ ቁስል ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚበቀል ለሚስቶቹ ይፎክራል። በዚያ ዓለም ለተጎዳ ዐይን አንድ ቤተሰብ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሕጉ መጥቶ ልጓም አገባበት፦ ከደረሰብህ በላይ መመለስ አትችልም፤ እርሱም በዳኛ ፊት ነው። ወዲያው በሚቀጥሉት ሁለት ቁጥሮች (ዘፀአት 21፥26-27) ጌታ የባሪያውን ዐይን ቢያጠፋ፣ ወይም ጥርሱን ብቻ ቢያወልቅ፣ ባሪያው ነጻ ይወጣል ይላል። ለበቀል የተጻፈ ሕግ ቢሆን ኖሮ ስለ ባሪያ ጥርስ ምን አስጨነቀው?

ደም መላሽነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የአማራና የአገው ገጠር፣ ዘኍልቍ 35ን ሲያነብ አገሩን ያያል። ሳያስበው ሰው የገደለ ሰው የሚሸሽባቸው 6 ከተሞች እንዲለዩ ታዘዘ፤ ዘዳግም 19 ደግሞ ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ እንዲበጅ ያዝዛል። ሟችም ገዳይም ልጆቹ የሆኑ አባት ብቻ ነው መንገዱ እንዳይበላሽ የሚያስበው። ሽማግሌዎቻችን ከመስቀል ጋር ወጥተው ደም ሲያደርቁ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም።

የሚባለው፦ ሰንበት ክልከላ ነው፤ የሻረው ሰው በረዶ ያመጣል

በብዙ ገጠራችን በዓል የሻረ ሰው ሰብሉን በበረዶ ያስመታል ተብሎ ይፈራል፤ መንደሩም ይቆጣዋል። ፍርሃቱ የመጣው ከእምነት ስለሆነ አልንቀውም። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ ሰንበት የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው።

ሰንበት በኦሪት ሁለት ጊዜ ሲታዘዝ ሁለት ምክንያት ተሰጥቶታል። በዘፀአት 20 እግዚአብሔር ከፍጥረት ሥራው ማረፉ ነው። በዘዳግም 5 ግን ምክንያቱ የግብፅ ባርነት ትዝታ ነው፦ አንተ ዕረፍት ተከልክለህ ነበርና፣ አሁን በእጅህ ያሉት ይረፉ። ከዚያ የሚያርፉትን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ ሎሌህና ገረድህ፣ በሬህ፣ አህያህ፣ በአገርህ የተቀመጠው እንግዳ። ባለቤቱ ማረፍ ቢያምረው ሁልጊዜም ይችላል፤ ሕጉ ያስፈለገው «ልረፍ» ብለው መጠየቅ ለማይችሉት ነው። አህያ አይጠይቅም። ውኃ ለመቅዳት ከሩቅ ወንዝ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣ ልጅም ብዙ ጊዜ አትጠይቅም፤ «ሴት ልጅህ» ተብላ ግን ስሟ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። እሑድ አባወራው በጥላ ሥር ተቀምጦ ልጅቱ ቁልቁለቱን የምትወርድ ከሆነ፣ ሰንበት የተሻረው በዚያ ቤት ነው።

ኢትዮጵያ ስለዚህ ቀን ብዙ ተከራክራለች። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱንም ሰንበቶች፣ ቅዳሜንና እሑድን፣ እናክብር በማለታቸው ተሰደው በአርመን አገር በ1352 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ከክህነት ተከልክለው ለብዙ ዘመን ኖሩ። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት መከበር ጸደቀ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማሙ። ሰው ለሸክም አይሰደድም። መነኮሳቱ መቶ ዓመት ያህል የተገፉለት ነገር የሚወዱት ነገር ነበር።

ፍቅሩም በሌላ መንገድ ይታያል። ቅዳሴ አትናቴዎስ የክርስቲያን ሰንበትን በሕይወት እንዳለች ሰው ይጠራታል፣ ያወድሳታል። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ የሆነው ትእዛዘ ሰንበት ደግሞ ሰንበትን ለነፍሳት የምትማልድ የአምላክ ልጅ አድርጎ ያያታል። የክርስቲያኑም የቤተ እስራኤሉም ልብ፣ በሌላው ነገር ቢለያይም፣ ትእዛዝን ወደ ተወደደች ሴት ለወጠው። ሴት ልጆቻችንን ወለተ ሰንበት ብለን እናስጠምቃለን፤ በአጥቢያችን የምንጠጣውን ማኅበር ሰንበቴ እንላለን፤ በሰንበቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለው ነዳይ ሳይበላ አይኬድም።

ቤተ እስራኤል በየዓመቱ በስግድ በዓል ተራራ ላይ ይወጣሉ፤ ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ያነብባሉ፤ ሕዝቡ እየጾመ ቃል ኪዳኑን ያድሳል፤ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ይበላል፣ ይዘፍናል። በእስራኤል ይህ በዓል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ታውቋል። የሕጉን ቃል ኪዳን ያደሰበትን ቀን በጭፈራ የሚጨርስ ሰው ሕጉን እንደ ብይን አልተቀበለውም።

ምጥ የያዛትን ሴት በእሑድ በቃሬዛ መሸከም ሰንበት መሻር ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ በሉቃስ 14 አለ። በጉድጓድ የወደቀ በሬ በሰንበት ይወጣል። ሰውማ እንዴታ።

የሚባለው፦ ድርቁ የመጣው ሕግ ስላፈረስን ነው

በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ከሸፈ። በ2015 ዓ.ም. እንደገና ከሸፈ። ሰሃላ ሰየምት፣ ዝቋላ፣ አበርገሌ ከተጎዱት መካከል ነበሩ፤ ከብት አለቀ፣ ሰው ከቀዬው ወጣ። በእነዚህ ጊዜያት ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ቃል «ኃጢአታችን ነው» የሚል ነበር። ራሱን ለንስሐ የሚያነሣ ሰው ይህን ቢል ክፋት የለውም። ከሩቅ ቆሞ ስለ ሰሃላ ሰዎች የሚል ግን አደጋ ላይ ነው።

መጽሐፉ ራሱ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ብቻ የለውም፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ዘዳግም 28 ሕዝቡ ቃል ኪዳኑን ቢተው ሰማዩ ናስ እንደሚሆንበት በግልጽ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ግን ቃል ኪዳን ለገባ ሕዝብ በሙሉ የተነገረ ነው፤ አንዱ ወረዳ የሌላውን እንዲመዝንበት የተሰጠ ሚዛን አይደለም። ኢዮብ መከራ ሲደርስበት ሦስቱ ወዳጆቹ «በድለህ ነው» አሉት፤ በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ ክርስቶስ እነርሱ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናገረ (ሉቃስ 13)። የሁለቱንም ድርቆች መነሻ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ኤል ኒኞ ከተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ያያይዙታል። ውቅያኖሱ ሲሞቅ የክረምት ዝናባችን ይሳሳል። ውቅያኖሱ የሞቀው የሰሃላ ሰው ስለ በደለ አይደለም።

የተራበ ሰው ፊት ሲቆም ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ራቡ ምክንያት አይደለም። ዘዳግም 15 እጅህን አትጨብጥ፣ ዘርጋለት ይላል። እርሻ የሚያጭድ ዳር ዳሩን ይተው፤ በእርሻው የረሳውን ነዶ ተመልሶ አይውሰድ፤ ለመጻተኛ፣ ለድሃ አደግና ለመበለት ይሁን። ሩት የቃረመችው በዚህ ሕግ ነው፤ ከእርሷም የዳዊት አባት የእሴይ አባት ተወለደ። እነዚህን ቁጥሮች በሙሉ ብናነብ ለድሃው የተሰጠ ትእዛዝ አናገኝም። «ለምን»፣ «አመስግን»፣ «መታወቂያ አምጣ» አይልም። ሁሉም ለባለ እርሻው ነው የተነገረው። ቃርሚያው ምጽዋት አይደለም፤ ድርሻ ነው። መበለቲቱ አንገቷን ሳትደፋ ገብታ ትለቅማለች።

ከዋግ ወጣቶች ብዙዎቹ ክረምቱ ሲከሽፍ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳሉ። ዘዳግም 24 ስለ እነርሱ ደመወዝ ፀሐይ ሳይጠልቅ ክፈል ይላል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ ድሃ ነውና፣ ነፍሱም በእርሱ ላይ ናትና የሚል ነገር ይናገራል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወፍጮን፣ ወይም የወፍጮን መጅ፣ መያዣ አድርገህ አትውሰድ የሚል ሕግ አለ። የድንጋይ ወፍጮ ያለበትን ቤት ለሚያውቅ ይህ ሕግ ማብራሪያ አያሻውም። መጁን የወሰደ እራቱን ወሰደ። መያዣ የተያዘ ልብስም ፀሐይ ሳይገባ ይመለስ፤ ድሃው ሌሊት የሚለብሰው እርሱን ብቻ ነው። ሕግ አውጪው ማታ ማታ የድሃውን ጋቢ እየቆጠረ ነው።

የሚባለው፦ ጾም ሁሉንም ያስራል፤ ነፍሰ ጡርም፣ አራስም፣ ሕፃንም

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይህ ነው።

ጾምን የምወድ ሰው ነኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሚመጣውን ጸጥታ፣ የሰርክ ጸሎቱን፣ ፍልሰታ ላይ ልጆች ነጠላ ለብሰው ለመቁረብ የሚሰለፉትን ማንም ከልቤ አያወጣብኝም። ስለዚህ የምናገረው ጾምን ለማሳነስ አይደለም። ጾሙ ወዳልተላከበት ቤት እየተላከ ስለሆነ ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን አወጀ። ግቡ በ2022 ዓ.ም. ገደማ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን ማጥፋት ነው። ስሙ ከሰቆጣ የተወሰደው በአጋጣሚ አይደለም፤ ራብና ሰቆጣ በአገሪቱ ትዝታ አብረው ይነሣሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። መቀንጨር ከቁመት ማጠር በላይ ነው፤ የአእምሮን ዕድገትም ይነካል፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ማካካስ ያስቸግራል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾም፣ ከ40 ቀን በላይ የነቢያት ጾም፣ 15 ቀን ፍልሰታ፣ ሌላውም ተደምሮ ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማሉ። ስለዚህ ከአንድ ሺው ቀናት ግማሽ ያህሉ የጾም ቀን ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ከጾመች፣ ሕፃኑም «የጾሙ ድስት ፍስክ ይነካዋል» ተብሎ እንቁላልና ወተት ከቀረበት፣ ግማሹ ዕድሜው እዚያው አለፈ። በአማራና በትግራይ የተደረጉ የሥነ ምግብ ጥናቶች ይህንን ደጋግመው አግኝተዋል፦ እናቶች ሕፃኑ መብላት እንደሚፈቀድለት ቢያውቁም እንኳ በዕቃ መነካካት ፍርሃት ምግቡን አያበስሉለትም።

እውነቱን ለመናገር የመቀንጨር ሥሩ ጾም አይደለም። ብዙ የሰሃላ ቤቶች በፍስኩም ቀን እንቁላል የላቸውም፤ ያለችውም ለጨውና ለጋዝ ትሸጣለች። ውኃው ንጹሕ አይደለም፣ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ግን ፍየሏ ታልባ ወተቱ ባለበት ቀን፣ ሕፃኑ ጦሙን የሚያድርበት ምክንያት «ሕግ» ከሆነ፣ በሕጉ ስም ሐሰት ተነግሯል።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምን ይላል? ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ አንቀጽ 15ን ሙሉ ለጾም ሰጥቶ፣ የታመመን ሰው ግን ከግዴታው ያወጣዋል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጾሙ በንስሐ አባት ምክር የሚቀልላት እንደሆነ አባቶች ያስተምራሉ። የማሰሮ መነካካት ሕፃንን ጦም ያሳድር የሚል ቀኖና የለም። ድስቱ ይታጠባል። ወይም ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ትለያለች፤ ይህን የሚያደርጉ ብልህ እናቶች አሉ።

ምግብን ከፍቅር በላይ ማድረግ እንደማይገባ የተናገሩ ንጉሥም ነበሩን። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ የእሪያ ሥጋ የማንበላው እንደ ኦሪት ግዴታ ቆጥረነው እንዳልሆነ፣ የሚበላውንም እንደማንጸየፍ፣ የማይበላውንም እንደማናስገድድ አስረድተዋል። ጦርነት ላይ የነበሩ፣ ከውጭ መምህራን ጋር የሚከራከሩ ንጉሥ ናቸው፤ ሥርዓታቸውን ሲከላከሉ እንኳ የሌላውን ሰው ሕሊና አልረገጡም።

ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ ርቦት ወደ ኖብ፣ ካህኑ አቤሜሌክ ዘንድ ደረሰ። የነበረው ለካህናት ብቻ የተፈቀደው ኅብስት ነበር። ካህኑ ሰጠው። ክርስቶስ ይህን ታሪክ በማርቆስ 2 አንሥቶ፣ ሰንበት ለሰው እንጂ ሰው ለሰንበት እንዳልተፈጠረ ያስረዳበታል። የኖብ ካህን ሕግ አላፈረሰም፤ ሕጉ ለምን እንደ ተሰጠ ዐውቆ ነበር። ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የሚመርጠውን ጾም ሲገልጽ የሚናገረው ስለ ታሰረው መፈታት፣ ስለ ተራበው መብላት፣ ስለ ተራቆተው መልበስ ነው። በጾም የተወውን ምግብ ለሌላው ያካፈለ ሰው ጾሙን ጨረሰ፤ ከሕፃኑ አፍ ነጥቆ የጾመ ቤት ግን የኢሳይያስን ጾም አልጀመረም።

ሕፃን «በሕግ አምላክ!» ማለት አይችልም። በማኅፀን ያለውማ ከቶ እንዴት ይላል? ሌላ ሰው ሊልለት ይገባል።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፤ በሰሃላ፣ በዝቋላ፣ በዳህና፣ በጋዝጊብላ፣ በአበርገሌና በሰቆጣ ዙሪያ ላላችሁ የንስሐ አባቶች። ሴቶቹ የጤና ባለሙያውን ይሰማሉ፤ እናንተን ግን ያምናሉ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት፣ መስቀላችሁን እንደ ያዛችሁ በዐውደ ምሕረቱ ቁሙና ጮክ ብላችሁ ንገሩልን፦ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፣ የታመመ አይጾምም፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሳትፈራ ወደ እኔ ትምጣ። የሕፃኑን ድስት ለዩለት፤ ወተቱን አትከልክሉት።